እትዬ ካርድ ደመና ላይ ሲወጡ

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሁሉ ሰውን ማየት የሚጀምረው ከእጁ ነው፤ ፊት በኋላ ይደርሳል። የዩኒቨርሲቲው እትዬ ካርድ ግን ይብሳሉ። ክብርነታቸው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በር ላይ የተቀበሉኝ በሰላምታ ሳይሆን «እጅህ ደረቅ ነው?» በማለት ነው።

ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። ስልሳ የእንጨት መሳቢያ ሙሉ የመጻሕፍት መዝገብ ካርድ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ የተጻፈ። የመሳቢያዎቹ ሲጢጥታ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አንድ ፕሮፌሰር «ሽፋኑ ሰማያዊ የሆነ፣ ስለ ወንዝ የሚያወራ መጽሐፍ ነበር» ቢሏቸው፣ «አረንጓዴ ነው፣ ስለ መስኖ ነው፣ ወስደው ያልመለሱትም እርስዎ ነዎት» አሏቸው። ሰውየው ወር ሙሉ በዚያ በኩል አላለፉም።

እኔ ተማሪም መምህርም አይደለሁም፤ ሲፈልጉኝ ከውጭ የምጠራ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ልጠግን ገብቼ መደርደሪያ ሥር ቆሜ ሳነብ ያዙኝ። አለቀልኝ ስል «ወንበር ጠፍቶ ነው ቆመህ የምታነበው?» አሉኝ። ተመስገን፣ የተማርኩት ሁሉ ከዚያ ወንበር ላይ ነው።

ዘንድሮ ካርዱ በሙሉ ወደ ደመና ይግባ ተባለ፤ መዝገቡ ሩቅ አገር ባለ ኮምፒውተር ተቀምጦ ከየትም ይታያል ማለት ነው። እትዬ «አቧራውን ማን ሊጠርግ?» ብለው ሦስት ቀን አኮረፉ። በአራተኛው መነጽራቸውን ወልውለው፣ በአንድ ጣት፣ እህል እንደሚለቅም ሰው መተየብ ጀመሩ።

ጭንቁ የእኔ ሆነ። አዲሱ ሥርዓት ያልተመዘገበ ሰው አያስገባም። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ «ተማሪ፣ መምህር፣ ሠራተኛ ብቻ ነው የሚቀበለው። ይቅርታ ጋሼ፣ መግባት የሚችሉት እስከ ዓርብ ነው» አለኝ። ዓርብ ማታ ወንበሬን በጸሎት ተሰናበትኩ።

ሰኞ እትዬ አስጠሩኝ። መጽሐፍ ጀርባ ላይ የሚለጠፈውን ዓይነት ቁጥር ያለበት ወረቀት ሰጥተው «ለኃላፊው አሳየው» አሉና እስከ በሩ አብረውኝ መጡ። ኃላፊው ቁጥሩን በማሽኑ አስነበበና ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«እትዬ! ሰውየውን እኮ መጽሐፍ አድርገው ነው የመዘገቡት!»

«ታዲያ መጽሐፍ አይቀበልም?»

ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በሩን ከፈተልኝ። ሳልፍ ስክሪኑን አየሁት፦

«ደራሲ፦ እግዚአብሔር። ሁኔታ፦ ጠርዝ ጠርዙ ያረጀ፣ ገና ተነብቦ ያላለቀ። ማሳሰቢያ፦ ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጣም።»