ስድሳ አንደኛው ዋቢ

ምርምር የሚባል ነገር ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ነጥብ ለቃሚ አይጠፋም። ሌላው ሰው ጥናቱን ጽፎ ሲጨርስ «ጨረስኩ» ይላል። ነጥብ ለቃሚ ግን ሥራው ገና ያኔ ነው የሚጀምረው። ከጥናቱ ኋላ ወደሚደረደረው የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ይሄድና፣ ማን ምን በየትኛው ዓመት ጻፈ በሚለው ላይ ድንኳኑን ይተክላል። ከዚያ የሚነቅለው ወይ ሞት ነው ወይ ጡረታ።

የዚህኛው ቤት ነጥብ ለቃሚ የነቀዝ ተመራማሪ ነበሩ። በሌሉበት ሠራተኛው «ክቡርነታቸው ነጠላ ሰረዝ» ይላቸዋል። ባሉበት ኮሪደሩ ጭር ይላል። መሸሽ ያልቻለችው ጸሐፊያቸው ብቻ ናት፤ ወንበሯ ግድግዳው ሥር ነው፣ በሩ ደግሞ በእሳቸው በኩል።

ጸሐፊዋ ታናናሾቿን ለማሳደግ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጥናት ስትተይብ ኖራ፣ ስለ ነቀዝ አንጀት የምታውቀውን ያህል ስለ ራሷ ጨጓራ አታውቅም።

የሰውየው ጥናት የዐሥራ አንድ ዓመት ልፋት ነው፤ ነቀዝ አንዳንዱን ጆንያ ለምን እንደሚሸሽ የሚያስረዳ። ሦስት ጆርናሎች መልሰውታል። አንደኛው ዓመቱ ከስም ቀጥሎ በቅንፍ ይግባ አለ። ሁለተኛው ዓመቱ መጨረሻ ይሂድ አለ። ሦስተኛው የመጽሔቱ ስም ዘመም፣ ቁጥሩ ደመቅ ይበል አለ። እያንዳንዱን ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ «አልተቀበልነውም» የሚለው መልስ ግን በሁለት ቀን ይደርሳል።

«አንብበውት ነው ጋሼ?» ትላለች።

«ጥናቱን እንኳ አላነበቡትም። ዋቢውን ግን ሳያዩት አይቀሩም። አንዲት ነገር አምልጣናለች። ነይ፣ ይቺን ብቻ እንይ።»

«ይቺን ብቻ» ብለው ሲቀመጡ ጠዋት ነው፤ ሲነሱ ጥበቃው በር ሊቆልፍ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ነው። የነቀዝ እግር የሚቆጥሩበትን ማጉያ መነጽር አምጥተው ኮምፒውተሩ ላይ ይለጥፉታል። ዓይናቸው ይቅርና ጆሯቸው ጉድ ነው። ጀርባቸውን ሰጥተው መስኮት ላይ ቆመው፣ «ባዶ ቦታውን ሁለቴ መታሽው፤ ሰማሁሽ!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሁለቴ መታዋለች።

እህቷ ያገባች ዕለት ስልክ ደወሉ።

«ይቅርታ እቴ፣ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ያለችው ነጥብ ዘመም ብላ ነው የቀረችው ወይስ ቀጥ ብላለች?»

«ጋሼ፣ ሙሽራ እያጀብኩ ነው!»

«ግድ የለም፣ ሙሽራዋን ሸኝተሽ አስቢበት።»

ትልቁ ጠባቸው ግን ከስም ጋር ነበር። ጆርናሎቹ የአባት ስም ይቅደም፣ የአጥኚው የራሱ ስም በአንድ ፊደል ይወከል ይላሉ። «ጥናቱን የሠራችው ልጅቱ፣ የምትጠራው በአባቷ!» እያሉ ከዋቢዎቹ በአንዷ ስም ተናደው ክፍሉን ይዞሩታል። «አባትየውን አውቃቸዋለሁ እኮ! ነቀዝና ጉንዳን አይለዩም!»

እንዲህ እንዲህ ሲባል የጡረታቸው ዓርብ ደረሰ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይላቸው ይዘጋል፤ አራተኛው ጆርናል ደግሞ ጥናት የሚቀበለው ከመሥሪያ ቤት ኢሜይል ብቻ ነው። ያቺ ሰዓት ካለፈች የዐሥራ አንድ ዓመቱ ሥራ ከቢሮ መሳቢያ ወደ ቤት መሳቢያ ተዛወረ ማለት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጸሐፊዋ የመጨረሻዋን ነጥብ አስቀምጣ የጆርናሉን መመሪያ ጨርሳ አነበበች። ስለ ነጥብና ስለ ሰረዝ የሚያወራውን ገጽ ሁለቱም በቃላቸው ይዘውታል። ከሱ ቀጥሎ ያለችውን አንዲት መስመር ግን ማንም አላያትም፤ ዋቢዎች ከስድሳ እንዳይበልጡ ትላለች።

«ጋሼ፣ የእኛ ስድሳ አንድ ነው።»

«ቁጠሪው።»

«ቆጥሬዋለሁ።»

«ድገሚው፤ ሰው ይሳሳታል።»

«የቆጠረው ኮምፒውተሩ ነው።»

«እሱንስ ቢሆን የሠራው ሰው አይደል?»

አንድ ይውጣ ተባለ። ማን ይውጣ? አንዱን ስታነሳ «ያስተማረኝ ሰው ነው፤ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉ። ሌላውን ስታነሳ «እሱማ ተሳስቷል። የተሳሳተው ካልተጠቀሰ ትክክሉ ከየት ታወቀ?» አሉ። ሰዓቱ ዐሥር አለፈ። ጸሐፊዋ ጣቷን ማጥፊያው ቁልፍ ላይ አሳረፈች።

«በቃ ሠላሳ ስምንትን እናውጣው። ማንም አያውቀውም።»

ሠላሳ ስምንት የአንድ እህል መጋዘን ጠባቂ ጽሑፍ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ የሠራተኞች ጋዜጣ ላይ የወጣች ግማሽ ገጽ ናት።

«እሱንማ አይሆንም» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እኛ ዐሥራ አንድ ዓመት በማጉያ የፈለግነውን እሱ ጆንያ ሲያገላብጥ በዓይኑ ነው ያየው። ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል ብሎ የጠየቀው የለም፤ አይቶ ጻፈው። ማንም ስለማያውቀውማ ነው የማይወጣው።»

ጸሐፊዋ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች።

ሰውየው ጎንበስ አሉና በገዛ እጃቸው ቁጥር አራትን አጠፉት። ቁጥር አራት የራሳቸው የዶክትሬት ጽሑፍ ነበር። «ይኼ ሰውዬ ከሚገባው በላይ ተጠቅሷል» አሉ።

ደግነት ነው፤ ማን ይክዳል። ግን ቁጥር አራት ሲጠፋ አምስት አራት ሆነ፣ ስድስት አምስት ሆነ፤ በጥናቱ ሆድ ውስጥ የተበተነው ቁጥር ሁሉ በአንድ ሊወርድ ነው። የፈረደበት ስድሳ አንደኛው ቢጠፋ ምን ነበር! እሳቸው እየጠሩ እሷ እየመታች፣ ዐሥራ አንድ ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ላኩት። መልሱ በጸሐፊዋ አድራሻ እንዲመጣ አድርገው፣ ክቡርነታቸው ማጉያቸውን በኪሳቸው ከትተው ወጡ።

አራት ወር በየሰኞው ደወሉ። በአምስተኛው ወር ደብዳቤው መጣ፤ ጥናቱን ተቀብለውታል። ከግርጌው እንዲህ የሚል አለበት፦ «ስለ ዋቢዎቹ አጻጻፍ አትጨነቁ፤ ሲታተም በእኛ ማሽን ራሱ ይስተካከላል።»

ጸሐፊዋ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ግንባሯን ቁልፎቹ ላይ ደፋች። አራት ጊዜ ሦስት ሳምንት! ዓይኗ ሄዷል፣ ወገቧ ሄዷል። ቀና ስትል ስልኩ ይጮሃል፤ ሰኞ ነው።

«ተቀበሉት ጋሼ። እንኳን ደስ አለዎት!»

ከወዲያ በኩል በቀትር የተከፈተ ሬዲዮ ይሰማል።

«እሰይ» አሉ። «እሰይ። ታዲያ... ዋቢውንስ? ምንም አላሉም?»

ድምፁ ጠዋት ተላጭቶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ የሚሄድበት ያጣ ሰው ድምፅ ነበር። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ገለበጠችው።

«አንድ ስህተት አለበት ብለዋል።»

«ቁጥር ስንት?» ሬዲዮው ተዘጋ።

«አልጻፉም። ፈልጋችሁ አግኙት ነው የሚሉት።»

«ይኸው! ብዬሽ ነበር! ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፤ እንዳትነኪው!»

ስልኩን ዘጋችና ፋይሉን ከፈተች። ሰውየው ፍለጋቸውን ሁልጊዜ ከቁጥር አንድ ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ ወደ ታች ወርዳ፣ ቶሎ እንዳያገኙት፣ ቁጥር ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ያለችውን ነጥብ በገዛ እጇ አጠፋቻት።