ሙዝና የሚስቴ ወንድም

ሰው ሲከስር መጀመሪያ የሚፈልገው ምክንያት ሳይሆን ጥፋተኛ ነው። ምክንያት ፍለጋ ያደክማል፤ ጥፋተኛ ግን ሁልጊዜ ቅርብ ነው፤ አንዳንዴማ አብሯችሁ ምሳ ይበላል። የእኔው ጥፋተኛ ደምሴ ነበር፤ የጭነት መኪናዬ ሹፌር፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሚስቴ የዘነበች ወንድም።

ከጫኖ መንደር ገበሬዎች ሙዝ እየገዛሁ አዲስ አበባ እልካለሁ። ፀሐዩ ከከረረ ወዲህ ግን ጥሬውን የተጫነ ሙዝ መንገድ ላይ በስሎ፣ ጠቁሮ ይደርስ ጀመር። ተረካቢዬ፣ "እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አለኝ። የከተማችን የሲቀላ ገበያ ነጋዴ ደግሞ ለሰው ችግር ፍርድ አያጣምና፣ "ደምሴ መንገድ ላይ፣ ምዕራብ ዓባያ ሲደርስ አቁሞ ይተኛል" ብሎ ፈረደ። እኔም አመንኩ። ባባርረው ዘነበች ምን ታደርገኛለች እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ግቢያችን ተከራይታ የምትኖር ማርታ የምትባል ልጅ አለች፤ በስታቲስቲክስ ተመርቃ ሥራ የምትፈልግ። ጭንቀቴን ስትሰማ፣ "ጋሼ፣ ከማባረርዎ በፊት የተበላሸው ሙዝ መኪናው ላይ የት እንደነበር ይለዩት። የፊቱን፣ የመሀሉን፣ የኋላውን ለየብቻ ይከምሩ" አለችኝ። ለዚህ ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የከረመችው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ቢሆንም ሚስትን ከመጋፈጥ ሙዝ መከመር ይቀላል፤ ከደምሴ ጋር ተሳፍሬ ሄድኩ።

አዲስ አበባ ስናራግፍ የፊቱ ክምር ተራራ አከለ፤ የኋላው አንድ እቅፍ አይሞላም። ለማርታ ደወልኩላት።

"ሹፌሩ ቢተኛማ ሁሉም እኩል ይበላሽ ነበር" አለች። "ከፊት የሚጫነው የማን ሙዝ ነው?"

የማን ይሆናል፣ ጎህ ሳይቀድ የሚመጡት የትጉዎቹ ነዋ። በእኛ ዘንድ ቀድሞ ለመጣ ቀድሞ፣ ከፊት ይጫንለታል። መቅደሙ እንዲታይለትም ሙዙን አስፋልት ዳር ይደረድረዋል፤ መኪናው እስኪመጣ ፀሐይ ስትጠብሰው ይውላል። ሰነፉ ግን የመኪናውን ጥሩንባ ሲሰማ ቆርጦ፣ እየሮጠ ያደርሳል፤ የእሱ ሙዝ ደህና ይገባል። እኔና ሲቀላ ለካ ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከርመናል።

አሁን የቀደመ ሁሉ ሙዙን ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ያስቀምጣል። ተረካቢዬም ማጉረምረሙን ትቷል። እፎይ አልኩ፤ ከንግዱ ይልቅ ለትዳሬ።

ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ማታ ለዘነበች አበሰርኳት። "ወንድምሽ ነፃ ወጣ፤ በስታቲስቲክስ ተረጋግጧል።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ተከሶ ነበር እንዴ?"

ይኸው ከዚያ ወዲህ ምሳዬን ከቤቴ ውጭ፣ ሲቀላ ምግብ ቤት ነው የምበላው፤ ከደምሴ ጋር።