የከበሮው ዕድሜና የኔ

ሴት ዕድሜዋን የምትደብቀው ከወንድ ነው የሚል ሰው የሴቶች ማኅበር ገብቶ አያውቅም። ወንድማ መች ይጠይቃል? አፋጦ የሚጠይቅ የማኅበር እኅት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፍንጮ በር ያለው የማርያም ማኅበራችን ሁለት ከበሮ አለው፤ አንዱ የወይዘሮ አሰለፈች፣ ሌላው ከቢቸና በጭነት መኪና አብሮኝ የመጣው የእኔ። እናንተዬ፣ እዚህ አገር ዘመድሽ ማነው ብትሉኝ እሱን ነው የማሳያችሁ። ለጥምቀት ታቦት ስናጅብ የትኛው ይመታ ተባለና ክርክር ተነሣ። ማኅበሩን የሚመሩት እማሆይ፣ «ከበሮም እንደ ሰው ነው፤ ታላቅ ይቅደም» ብለው ፈረዱ።

ታላቁን ማን ይወቅ? እኔና አሰለፈች ከበሮ ከበሮአችንን አንግተን በፒያሳ በኩል ወደ ዶሮ ማነቂያ ወረድን፤ እዚያ ለከበሮ ቆዳ የሚያለብሱ አዛውንት አሉ። የወርቅ ሱቅ በር ላይ የቆመ ጎልማሳ፣ «እትዬ፣ ሰርጉ የማን ነው?» አለን።

«የአባትህ» አለችው አሰለፈች። እኔ ያንኑ በልቤ ብቻ ነበር ያልኩት።

አዛውንቱ ከበሮዎቹን አሸተቱ፣ በጥፍራቸው ቧጨሩ። «የቱን ዕድሜ ነው የምትፈልጉት? ቆዳው የአምና፣ ጠፍሩ የካቻምና። እንጨቱ ግን የሁለቱም የድሮ ነው።»

«ስንት ዓመት ይሆነዋል?»

«እሱንማ ሲሠራ የነበረ ሰው ይመስክር።»

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው... ተመልሰን ማኅበሩ ፊት ቀረብን።

«አሰለፈች፣ ያንቺው መቼ ተሠራ?» አሉ እማሆይ።

«ለሰርጌ ነዋ።»

«ከተዳርሽ ስንት ዓመት ሆነሽ?»

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው እያለች የኖረችው አሰለፈች በጣቷ መቁጠር ጀመረች። መሀል ላይ ቆም አለችና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «እንዲያው ሳየው... የእሷው ይበልጣል መሰለኝ።»

«በመሰለኝ ታቦት አይታጀብም። ዕድሜው ካልታወቀ ከጎረቤት ማኅበር ከበሮ እንዋሳለን» አሉና ወደኔ ዞሩ። «ያንቺስ?»

«ክርስትና የተነሣሁ ዕለት የክርስትና እናቴ ያሠራችው ነው» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ቤቱ ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ታዲያ አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?»

በዚህ ጥያቄ ዋሽቼ አላውቅም። «እግዚአብሔር ያውቃል» ነው የምለው፤ ኃጢአት የለበትም።

«እሱማ ያውቃል» አሉ እማሆይ፤ «ያላወቅነው እኛ ነን።»

ከበሮዬን አየሁት። ያገሬን ታቦት ያጀበ ከበሮ፣ በሰው አገር ጥግ ይዞ በዓል ሊውል ነው።

«አርባ ዘጠኝ» አልኩ።

«ከበሮው ነው ወይስ አንቺ?» አለች አሰለፈች።

«ሁለታችንም።»

ተፈረደልኝ። የከተራ ዕለት ማንገቻውን ላነሣ ስል ግን እማሆይ እጄን ያዙኝ። «ተዪ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜሽ ይህን ተሸክመሽ አትዘልቂውም። ልጅ እግር የሆነች ትምታው።»

ልጅ እግር ሆና የተገኘችው፣ ሠላሳ ስምንቷን ይዛ የቀረችው አሰለፈች ናት። እስከ ጃን ሜዳ ደለቀችው፤ እኔ ከኋላ ጥላ ይዤላት። ምን ተረፈሽ ካላችሁኝ... ከዚያ ወዲህ ማኅበር ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል። ከሁሉ ቀድማ የምትነሣልኝም እሷ ናት።