ሊቀ ነጠብጣብ ኦክታቭ

በደቡብ ፈረንሳይ የባሕር ዳር መንደር ዓሣ ቢጠፋ ሠዓሊ አይጠፋም። ኮፍያው ሰፊ፣ ጃንጥላው ትልቅ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ እንዲቆምለት የሚፈልግ። የእኛው ሊቀ ነጠብጣብ ኦክታቭ ዴልማር ይባላል።

ከሰሜን መጥቶ ከመጠጥ ቤቴ በላይ ያለችውን ክፍል ከተከራየ ስምንት ዓመቱ ነው። ቀለም አይቀባም፤ ነጥብ በነጥብ ይተክላል። አንድ ሸራ በዘይት ቀለም እስኪሞላ ወይኑ ተለቅሞ ያልቃል። በውሃ ቀለም ሲሆን ግን አንድ ጠዋት ይበቃዋል። የፓሪስ ጋዜጦች «ሸራው ኩፍኝ ወጥቶበታል» ብለው ሲሳለቁበት፣ የዓሣ ሾርባውን ጨርሶ «ተጠግተው አይተውት ነው» አለኝ።

ለሁሉም መልሱ ይኸው ነው። ዓሣ አጥማጁ «ጀልባዬ አረንጓዴ ናት፤ ምነው ብርቱካናማ አደረግሃት?» ሲለው፣ «ራቅ ብለህ እያት!» ቄሳችን አባ ሲፍረን እንኳ «የደወሉ ማማ የቱ ጋ ነው?» ቢሉት፣ «አባቴ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ... ጥቂት ደግሞ...» እያለ ወደ ኋላ ወስዶ ከነቀሚሳቸው ባሕር ከተታቸው። ጎትተን ስናወጣቸው፣ ውሃው እየተንጠባጠበ «አሁን ታየኝ» አሉ።

ባለፈው የካቲት ቱሴን የሚባል ዓሣ አጥማጅ ባሕር ገብቶ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ፎቶግራፍም ተነሥቶ አያውቅ። ሚስቱ ኦኖሪን እኔ ዘንድ ሳህን ታጥባለች።

በሚያዝያ አንድ የሥዕል ነጋዴ ከፓሪስ መጣ። ኦክታቭ ሥራዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋለት። ነጋዴው የወደባችንን ጠዋት የምታሳይ ትንሽ የውሃ ቀለም ሥዕል አነሣ። «ይቺ ናት! በመጪው ወር ለሕዝብ አሳያታለሁ። ስምህ ይጠራል!»

ኦክታቭ ይህን ቃል ስምንት ዓመት ጠብቆታል። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ኦኖሪን ብርጭቆ ልታነሣ ስትመጣ ዓይኗ ሥዕሉ ላይ ቀረ። ጥግ ላይ፣ ከአምስት ነጥብ የማይበልጥ ሰው ጎንበስ ብሎ መረብ ይጠግናል።

«ቱሴን ነው» አለች። «ቀኝ ትከሻው ዝቅ ብሎ... እሱ ነው።»

ኦክታቭ ሥዕሉን ቀስ አድርጎ ከነጋዴው እጅ ወሰደ። «ወይዘሮ ኦኖሪን፣ የእርስዎ ናት።»

«ሰውዬ፣ አብደሃል?» አለ ነጋዴው።

«ከሌሎቹ ይምረጡ።»

ሰውየው ሌላ አልመረጠም። በቀትሩ ሠረገላ ሄደ። ኦክታቭም ምሳውን ሳይነካ ወደ ክፍሉ ወጣ፤ እኔም እንዲበላ አልጎተጎትኩትም።

ዛሬ ሥዕሏ ከኦኖሪን አልጋ ትይዩ ተሰቅላለች። ለዕረፍት የሚመጡ እንግዶች «እዚህ አንድ እብድ ሠዓሊ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?» ይሉኛል።

«ሠዓሊውስ አለ» እላቸዋለሁ። «እብዱ በቀትሩ ሠረገላ ሄዷል።»