ጋሼ ጉተማ የማያውቁት ነገር

በየሰፈሩ ማንም ያልጠየቀውን የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። መብራት ይጠፋል፣ ውሃ ይጠፋል፣ እሱ ግን አይጠፋም። አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ ጉተማ ናቸው፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ የስልክ ወዳጅ፣ የዓለም ዕውቀት የአዳማ ወኪል።

ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ስልካቸውን ይከፍታሉ። ከዚያ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ይይዙና፣ "ይህን ታውቅ ነበር?" ይላሉ። አላውቅም ያለ ተያዘ። አውቃለሁ ያለማ ባሰበት፤ ምን ያህል እንደሚያውቅ ይመረመራል። የዕድሩ ሊቀመንበር ማስረሻ ሲቸኩል በወዲያኛው መንገድ ዞሮ የሚሄደው ለዚህ ነበር።

አንድ ጊዜ መቂ ለሠርግ አብረው ሄዱ። ጋሼ ጉተማ ቲማቲም የሚያስጭን ደላላ አቁመው፣ "ቲማቲም እኮ ፍሬ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ከሙዝ ጋር ነው የሚመድቡት" አሉት። ደላላው ላቡን እየጠረገ፣ "እንግዲያው በሙዝ ዋጋ ይውሰዱልኛ!" አላቸው። ክርክሩ አልቆ ሠርጉ ቤት ሲደርሱ ሙሽሮቹ እየወጡ ነበር። ይህስ ይሁን። አምና ግን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ባሏን ገና ቀብራ ከተመለሰች ሴት አጠገብ ተቀምጠው፣ "ሰው ከሞተ በኋላ ጥፍሩ ያድጋል የሚባለው ውሸት ነው፤ ይህን ታውቂ ነበር?" አሏት። ማስረሻ ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ስለዚህ ሰኔ ላይ የጎረቤታቸው የወይዘሮ መሰለች ወንድም አቦምሳ ላይ በድንገት ሲያርፍ፣ ማስረሻ መጀመሪያ ያሰበው ስለ ሟቹ ሳይሆን ስለ ጋሼ ጉተማ አፍ ነበር። መርዶ እንዲሁ በስልክ አይነገርም። ሰው እራቱን ይበላል፣ እንቅልፉን ይተኛል፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ። ማስረሻ ለጎረቤቱ ሁሉ በየጆሮው ሹክ አለ። ለጋሼ ጉተማ ብቻ አልነገረም። "ለእሳቸው መንገር በድምፅ ማጉያ መለፈፍ ነው" አለ፤ ሁሉም ተስማማ።

ወደ ማታ ግን ጋሼ ጉተማ መሰለች ቤት ሲገቡ አያቸው። ተከትሎ ሲገባ እራት ቀርቧል፣ መሰለች ትስቃለች።

"ፍላሚንጎ፣ ያ ባለ ረጅም እግሩ ወፍ፣ ሲፈለፈል ግራጫ ነው" ይላሉ ጋሼ ጉተማ። "ያን ቀይ መልክ የሚያገኘው ከሚበላው ነው። ብይ እንጂ መሲ! ኦክቶፐስ የሚባለው የባሕር እንስሳ ደግሞ ሦስት ልብ አለው።"

"አንዱን ያበድረኛ!" አለች መሰለች፣ እየጎረሰች።

ማስረሻ መታገሥ አልቻለም። ክንዳቸውን ይዞ ወደ ውጭ አወጣቸውና ጎረቤት እየሰማ፣ "ጋሼ፣ ለአንድ ቀን እንኳ አፍዎን መዝጋት ያቅትዎታል? በእርስዎ ወሬ እኮ ሰው ሁሉ ተማርሯል!" አላቸው።

ጋሼ ጉተማ "እሺ ልጄ" ብለው ሄዱ።

ንጋት ላይ መርዶው እንደ ወጉ ተነገረ። በሣልስቱ መሰለች ማስረሻን አጠገቧ አስቀመጠችው።

"ያን ማታ ስልኬ የት የነበረ ይመስልሃል? ጋሼ ጉተማ ኪስ ውስጥ። የፍላሚንጎ ፎቶ ላሳይሽ ብለው ተቀበሉኝና አጥፍተው ያዙት። የአክስቴ ልጆች ከአቦምሳ ደጋግመው ሲደውሉልኝ ነበር። የጋሼ አማች እዚያው አቦምሳ አይደል የሚኖረው? እሳቸውማ ጠዋቱኑ ሰምተዋል። እስክጠግብ ድረስ ሲያስቁኝ አመሹ። ከዚያ ወዲህ እህል እንደዚያ በአፌ ዞሮ አያውቅም።"

ማስረሻ የሚገባበት ጠፋው። የቲማቲምን ምስጢር ከመንገድ ደላላ መደበቅ ያቃታቸው ሰውዬ፣ ሞትን የሚያህል ነገር ብቻቸውን ይዘው ውለዋል። እሱ ደግሞ በሰው ፊት አዋርዷቸዋል።

በነጋታው ሱቃቸው ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ቀና አደረጉት። "ተው፣ ተው! ምን አጠፋህ? እኔም አበዛዋለሁ" አሉት። ይቅርታቸው ከልብ ነበር፤ ቂም የሚባል ነገር አያውቁም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ማንንም ምንም አይጠይቁም። "አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ?" ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሰፈሩ ጭር አለ። ማስረሻ በወዲያኛው መንገድ መዞሩን ትቶ፣ ሰበብ እየፈለገ በሱቃቸው በር ይመላለሳል።

ባለፈው ሳምንት ቢቸግረው ውሸት ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ዓሣ ነባሪ ነው አሉ" አላቸው።

ለአፍታ ዓይናቸው በራ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ የያዙትን ቡሎን በጨርቅ እየወለወሉ፣ "ይሆናል" አሉ።

ማስረሻ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ዓሣ ነባሪ ዓሣ እንዳልሆነ ድሮ አንድ ጠዋት የነገሩት ራሳቸው ጋሼ ጉተማ ነበሩ። ያን ዕለት ቸኩሎ ስለነበር፣ ገና ግማሽ ላይ ሳሉ "እሺ፣ እሺ" ብሎ ጥሏቸው ሄዷል። የቀረውን አሁን ቢነግሩት፣ ቆሞ ሲሰማ ይውል ነበር።