የአባ ድፍን ግንብ

የሞተ ሰው አይከራከርም፤ ስለዚህ ታሪኩን ያሻው ሁሉ እንዳሻው ያወራለታል። ግንብም እንደዚያው ነው። ከቆቦ ወደ ዞብል ተራራ ሲኬድ፣ ከማሽላው መሀል ጉብታ ላይ የቆመ የድንጋይ ፎቅ ነበር። ጣሪያውም ደረጃውም ፈርሷል። በንጉሡ ጊዜ «አያቴ ነው የሠራው» የማይል ሰው አልነበረም አሉ። አብዮቱ ፈንድቶ አያት ያለው ሁሉ አድኃሪ ሲባል ግን ግንቡ ባንድ ጊዜ ዘመድ አልባ ሆነ። በቀን እንኳ በጥላው የሚያልፍ አልነበረም። ከብቶቹ ራሳቸው እዚያ ሲደርሱ ለምለሙን ሣር ትተው ይዞራሉ።

እኔ ያኔ ቆቦ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ካድሬያችን፣ ጓድ በላይነህ ልበለው፣ በግንቡ ድንጋይ ለገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ሊያሠራ ቆረጠ። ገበሬው ድንጋዩን መንካት ፈራ። ታሪኩ ቢነገረው ፍርሃቱ ይለቀዋል ብሎ ካድሬው እኔ ዘንድ መጣ። አላውቅም አልኩት። የታሪክ አስተማሪ አላውቅም ካለ ደመወዝ የሚበላው ለምንድን ነው?

«ግድ የለም፣ እኔ አለሁ» ብሎ እዚያው በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ አንድ ጨካኝ መስፍን ፈጠረ። ስሙን አባ ድፍን አለው። ለእስረኛ ውሃ ሰጠሽ ብሎ ገረዱን በሕይወቷ ግድግዳ ውስጥ አስደፍኗታል አለኝ። ከየት አመጣኸው ስለው በጣቱ ግንባሩን ነካ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሕዝቡን ግንቡ ሥር ሰብስቦ ይህንኑ ተናገረ። መቼም ንግግር ያውቅበታል፤ ፈጠራ መሆኑን የማውቀው እኔ እንኳ አባ ድፍንን ክፉኛ ጠላሁት። ሊያበቃ ሲል እማ ዘሀራ የሚባሉ የሮቢት አሮጊት ከሴቶቹ መሀል ተነሡ።

«ልጄ፣ ስሙን ማን ነገረህ?» አሉት ዝግ ባለ ድምፅ።

«ታሪክ» አለ ካድሬው።

«እኛ ቤት ያንን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም፤ እናት ለልጇ በጆሮዋ ነው የምትነግራት። ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ገረድ ግን አልነበረችም፤ ሚስቱ ናት። ዳሚ ትባላለች፣ ከሰባት ቤት በላይ ያለች እናታችን። ውሃ የሰጠችውም ለወንድሟ ነው። እንደ ሰው አልተቀበረችም።»

ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የኔ ክንድ ግን ጠጉሩ ቆመ። ካድሬው ወደ እኔ ሲዞር ፊቱ አመድ መስሏል።

እማ ዘሀራ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ገብተው በስተምሥራቅ ያለውን ጥግ መቱት። ባዶ ቦታ እንዳለው ጮኸ። የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። በሕዝብ ፊት ማፈግፈግ ለካድሬ አይሆንምና ጓድ በላይነህ ራሱ ዲጂኖ አንሥቶ ድንጋዩን ፈነቀለው። ከውስጥ የወጣው አየር የቆቦ አየር አልነበረም፤ ይቀዘቅዛል። ጉልበቱን አጥፎ የተቀመጠ አጽም፣ ክንዱ ላይ የመዳብ አምባር፣ አጠገቡ አንድ የውሃ ቅል። ቅሉን ያነሣው ገበሬ መልሶ አስቀመጠው። እርጥብ ነው አለ።

እማ ዘሀራ «ኢና ሊላሂ» ብለው ሻሻቸውን አነጠፉ። እስላሙም ክርስቲያኑም ተጋግዞ አጽሙን ተሸክሞ ወስዶ ቀበራት። እማ ዘሀራ አፈሩን በእጃቸው እየደለደሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ «በቃ፣ አሁን ተኚ» አሉ። የመጋዘኑን ነገር ዳግመኛ ያነሣ ሰው የለም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የጓድ በላይነህ ግን እያደር ከበደው። በዓይኑ ያላየውን መናገር ተወ። ምነው ስለው «ብናገርና ሆኖ ቢገኝስ?» አለኝ። በዚያው ዓመት ዝናብ ቀረ። ከበላይ የመጡ ሰዎች ስለ አዝመራው ሲጠይቁ ሌሎቹ ካድሬዎች ጎተራው ሞልቶ ፈሰሰ አሉ። እሱ ተነሥቶ ማሽላው እንደደረቀ፣ ሰዉም መሰደድ እንደጀመረ፣ ሄዶ እንዳየ ተናገረ።

ብዙም ሳይቆይ ከሥራው አነሡት። የፈጠራ ወሬ ይነዛል ተብሎ።