ሠላሳ ዓመት ሰይጣን የነበሩት ጋሽ ስቶያን

አንድ ሰው ስንት ጊዜ ቢሞት ይበቃዋል? ግዛው መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘም። «እኔ ድሮ» የማይል ጡረተኛ የለም፤ አንዱ ድሮ ጄኔራሎችን ያዝዝ ነበር፣ ሌላው ድሮ አንበሳ ገድሏል። ግዛው በየቀኑ ዴንቨር ውስጥ ሎውሪ ሰፈር ድረስ እየነዳ የሚንከባከባቸው ቡልጋሪያዊው የኦፔራ ዘፋኝ ጋሽ ስቶያን ግን ድሮ ስምንት መቶ ጊዜ ሞተዋል።

ድምፃቸው የወፍራም መጨረሻ፣ ባስ የሚባለው ነው። የማዕድን ቆፋሪ ልጅ ናቸው። በአሥራ አራት ዓመታቸው ድምፃቸው ሲጎረምስ የቤቱ ውሻ ሸሸ። ከወታደር ኳየር ወደ ሶፊያ፣ ከሶፊያ ወደ ቪየና፤ ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ ንጉሥ፣ ጳጳስና ሰይጣን ሆኑ፤ ብዙውን ጊዜም መጋረጃው ሳይዘጋ ይሞታሉ። የኦፔራዋን ሴት ግን ሁልጊዜ ቀጭን ድምፅ ያለው ይወስዳታል። «ባስ ዘውድ እንጂ ሚስት አይደርሰውም» ይላሉ፣ ግዛው ካልሲ ሲያጠልቅላቸው።

ልጃቸው ዴንቨር ካመጣቻቸው ወዲህ የከፋባቸው የሕንፃው ማኔጀር ነው። በዘፈናቸው ጎረቤት ስለ ከሰሰ ሁለቴ አስጠንቅቋቸዋል፤ ሦስተኛ ከዘፈኑ ቤቱን ይለቃሉ። ግርማዊነታቸው ዝም አሉ። ዝም ካሉ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አላቸው፤ ኪኒኑም አልረዳ።

ግዛው ቢጨንቀው ለቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድን መሪ ለእህት ጌጥነሽ ደወለ። «ሠላሳ ዓመት ሰይጣን የነበሩ ሰው» ሲል «መድረክ ላይ» የሚለውን ሳትሰማ ስልኩን ዘጋችው። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሴቶች አስከትላ ከቻምበርስ ሮድ ሰፈሯ መጣች።

«ውጣ» አለች፣ እጇን ራሳቸው ላይ ጭና። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ተቀበሏት። ጋሽ ስቶያን ከጀርባቸው ኮረስ፣ የተቀባይ ድምፅ፣ ከሰሙ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። መደገፊያ ዎከራቸውን ትተው ተነሡና ድምፃቸውን ለቀቁት። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤ ሴቶቹ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ወራት ሙሉ ባጠበው ደረት ውስጥ ይህ ሁሉ የት ተቀምጦ ኖሯል?

በሩ ተንኳኳ። ማኔጀሩ ነው። ሦስተኛው መሆኑ ነው።

የከፈተችው ጌጥነሽ ናት። ጸሎት ላይ እንደሆኑ፣ ሲጨርሱ ቢመጣ እንደሚሻል አስረዳችው። ሰውየው የሚያየው ነገር በማስጠንቀቂያ ወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ እንደሚሞላ ስላላወቀ ተመለሰ።

«ሰይጣኑስ?» አላት ግዛው።

«ድምፁ ይቆይ፤ ሌላው ይውጣ» አለች እህት ጌጥነሽ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ እንመጣለን።»

ዞር ሲሉ ጋሽ ስቶያን ወንበራቸው ላይ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ስምንት መቶ አንደኛው እንዳይሆን ብሎ ግዛው እጁን አፍንጫቸው ሥር አደረገ። ማንኮራፋታቸውም ባስ ነው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳበላቸውና የሥራ መዝገቡ ላይ ጻፈ፦ ተኙ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።